በ36ኛው ሳምንት ልጄ ቁጭ ብላ ተገኘች

ሐኪሟ የአልትራሳውንዱን መዳሰሻ ከጎድኔ ሥር አቁማ «ጭንቅላቷ እዚህ ነው» ስትለኝ ብዙም አልገረመኝም። በተቀመጥኩ ቁጥር ጎድኔን ሽቅብ የሚገፋው ክብና ጠንካራ ነገር እግር እንዳልሆነ ከገባኝ ሰንብቷል። የደነገጥኩት ቀጥላ ባለችው ነው። የመጀመሪያ ልጅ ስለሆነች ከ36ኛው ሳምንት በኋላ በራሷ የመገልበጥ ዕድሏ ጠባብ ነው፤ ስለ አወላለዱ ከአሁኑ መነጋገር አለብን አለች።

የምንኖረው ጀርመን፣ ከፉልዳ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ባለቤቴ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል፤ ዘመድ የሚባል በአቅራቢያችን የለም። ያን ሰሞን በአማርኛ የሚነበብ ነገር ፈልጌ ያገኘሁት ጸሎት ብቻ ነበር። ጸሎቱን አልጠላሁትም፤ ግን ፊቴ ያለውን ምርጫ አልመረጠልኝም።

በእርግዝና አጋማሽ ሕፃን ተቀመጠ፣ ተጋደመ ብሎ የሚጨነቅ የለም፤ ቦታው ሰፊ ነው፣ እንዳሻው ይገለባበጣል። በ28ኛው ሳምንት ከአራት ወይም ከአምስት ሕፃን አንዱ ቁጭ እንዳለ ነው። መውለጃው ሲደርስ ግን ከመቶ ሦስት ወይም አራት ብቻ ይቀራሉ፤ የኔዋ ከነዚያ ሆነች። መቀመጫዋን ወደ ታች፣ ሁለት እግሮቿን ደግሞ ቀጥ አድርጋ ወደ ፊቷ ሰቅላለች። በብዛት የሚታየውም ይኼ አቀማመጥ ነው። እግሩን አጣጥፎ የሚቀመጥ አለ፣ እግሩን የሚያስቀድምም አለ። ሐኪሞች አብዝተው የሚፈሩት የመጨረሻውን ነው፤ የእንሽርት ውሃው ሲፈስ እትብቱ በእግሩ አጠገብ ሾልኮ ሊወርድ ይችላልና። የሁሉም የጋራ ችግር ግን ጭንቅላት ነው። ትልቁና ጠንካራው ክፍል የሚወጣው በመጨረሻ ነው፤ እዚያ ላይ ከዘገየ እትብቱ ተጨቁኖ ልጁ አየር ያጥረዋል።

ለእማዬ ስነግራት የመለሰችልኝ «እዚያ አገር የምታሽ ሴት የለችም እንዴ?» ብላ ነው። ጎጃም ባደገችበት ቀዬ፣ ልጁ አልስተካከል ያላት ነፍሰ ጡር የልምድ አዋላጅ ትጠራላታለች፤ ሆዷ ቅቤ ተቀብቶ ይታሻል። «አክስትሽን እኮ በሁለተኛዋ አሽተው ነው ያስተካከሉላት፣ በእመቤቴ!» አለችኝ። የእንግዴ ልጁ የት እንዳለ ሳያዩ፣ የልብ ምቱን ሳይሰሙ ሆድ መጫን እናትንም ልጅንም ሊያሳጣ ይችላል። ሆኖም ሐኪሟ ያቀረበችልኝ የመጀመሪያው ምርጫ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ከውጭ ሆዴን በእጅ እየገፉ ልጅቷን መገልበጥ! እማዬ ይህን ስትሰማ ለአንድ ሳምንት ያህል ኮራችብኝ።

ከዚያ በፊት ግን የአዋላጇ ተራ ነበር። እዚህ ነፍሰ ጡር ሁሉ ቤቷ ድረስ የምትመጣ አዋላጅ፣ ሄባመ የሚሏትን፣ የማግኘት መብት አላት፤ ሒሳቡን ክራንከንካሴ የሚባለው የጤና መድን ይከፍላል። የኔዋ በብስክሌት የምትመጣ፣ ሳቅ የማይለያት ሴት ናት። ወገቤን በትራስ ከፍ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ እንድተኛ አሳየችኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ቻይናዎች የሚጠቀሙበትን፣ እንደ ሲጋራ የተጠቀለለ ደረቅ ቅጠል ለኩሳ ከትንሿ የእግሬ ጣት አጠገብ ያዘችልኝ። ባለቤቴ ከፈረቃ ገብቶ ተኝቷል። የጣሪያው ጭስ ጠቋሚ ሲጮህ ቤቱ የተቃጠለ መስሎት በካልሲው ደረጃውን ወረደ። ልጅቷ ንቅንቅ አላለችም።

ሆስፒታል የገባሁት ምግብ ሳልቀምስ ነው፤ በማገላበጡ መሀል የልጅቷ ልብ ምት ቢበላሽ በቀጥታ ወደ ኦፕራሲዮን ይኬዳል። ይህ የሚደርሰው ከ200 ሴት በአንዷ ላይ ያህል ነው። መጀመሪያ የልብ ምቷን በማሽን አዳመጡ፣ ማኅፀን የሚያላላ መድኃኒት ሰጡኝ፣ ሆዴን በጄል አለሰለሱት። የምታገላብጠው ሐኪም አጭር፣ ክንደ ብርቱ ሴት ነበረች። በአንድ እጇ መቀመጫዋን ከዳሌዬ ውስጥ ፈልቅቃ ሽቅብ አነሳች፣ በሌላው ጭንቅላቷን ወደ ጎን ገፋች፤ ባልደረባዋ በአልትራሳውንድ ትከታተላለች። «ሲብስብዎት ይንገሩኝ፣ አቆማለሁ» አለችኝ። ማመሙስ ያማል። ከሕመሙ ይልቅ ያስጨነቀኝ ግን ልጄ ከቆዳዬ ሥር ስትንሸራተት በዓይኔ ማየቴ ነው። ግማሽ ዞረች፣ ተጋደመች፤ እጅ ሲለቃት ተመልሳ ቁጭ! ሐኪሟ ደጋግማ ሞከረችና ላቧን ጠርጋ «በቃ፣ አትፈልግም» አለች። ማገላበጥ ከሁለት ሴት ለአንዷ ገደማ ይሳካል፤ የመጀመሪያ ልጅ ላይ ከዚያ ያንሳል። ደማችሁ አር ኤች ኔጋቲቭ ከሆነ ከዚህ በኋላ መርፌ ያስፈልጋችኋል፤ የደም ዓይነታችሁ ሙተርፓስ በሚባለው የእርግዝና መከታተያ ደብተራችሁ ላይ ተጽፏል፣ እዩት።

ሁለት መንገድ ቀረ፤ ወይ ቀን ተቆርጦ ካይዘርሽኒት፣ ማለትም በኦፕራሲዮን መውለድ፣ ወይ እንደተቀመጠች በምጥ መውለድ። ሁለተኛውን እዚህ እንደማይሠሩት ሐኪሟ ሳትሸፋፍን ነገረችኝ። «እኛ ዘንድ የለመደ እጅ የለም» አለች። ግልጽነቷን ወደድኩላት።

የለመደው እጅ የት ሄደ ብላችሁ እንደሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ፣ ካናዳዊቷ ሜሪ ሃና የመሩት ጥናት አለ። በ26 አገሮች ከ2,000 በላይ ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው አዩ። በምጥ እንዲወልዱ ከታቀደላቸው ወገን ከመቶ 5 ያህል ሕፃናት ሞቱ ወይም ክፉኛ ታመሙ፤ በታቀደ ኦፕራሲዮን ግን 1.6 ብቻ። ሆስፒታሎች በአንዴ ወደ ቢላው ዞሩ። ልጆቹ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው እንደገና ሲታዩ በሞትም ሆነ በአእምሮ እድገት በሁለቱ ወገን መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። እስከዚያ ግን ብዙ ወጣት ሐኪም ተቀምጦ የመጣ ልጅ አዋልዶ ሳያውቅ ተመርቋል። የእንግሊዝ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው መመሪያ እንደሚለው ከ1,000 ሕፃን ተቀምጠው በምጥ ከሚወለዱት 2፣ በጭንቅላታቸው መጥተው በምጥ ከሚወለዱት 1፣ ከ39ኛው ሳምንት በኋላ በታቀደ ኦፕራሲዮን ከሚወለዱት ደግሞ 0.5 ያህል ይሞታሉ። ልዩነቱ እውነት ነው፤ ሰው የሚያስፈራራውን ያህል ግን አይደለም።

ፍራንክፈርት ሌላ ዓለም ነው። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል፣ ፕሮፌሰር ፍራንክ ሉቨንና ባልደረቦቻቸው፣ ሴቲቱ በጀርባዋ ሳትተኛ በእጇና በጉልበቷ ተደግፋ እንድትወልድ በማድረግ ስማቸው የታወቀ ነው። ቀጠሮ አስይዤ በባቡር ሄድኩ። ለመጀመሪያ ልጅ ዳሌን በኤምአርአይ ይለካሉ፤ መግቢያው 12 ሳንቲ ሜትር እንዲሞላ ይፈልጋሉ። የኔ ሞላ። «ሌሊት ብመጣስ፣ እጁ የለመደ ሰው አለ?» ብዬ ጠየቅኩ፤ ያገኘሁትም መልስ አሳመነኝ። ብዙ ሴት «የቱ ይሻላል?» ብላ ትጠይቃለች፤ ለኔ ግን የረዳኝ ማን እንደሚያዋልደኝ መጠየቄ ነው።

ችግሩ መንገዱ ነው። ከኛ ቤት እስከዚያ በኤ66 አውራ ጎዳና ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ባለቤቴ ሌሊት ሥራ ላይ፣ ስልኩ የልብስ ሳጥኑ ውስጥ፤ ምጥ ደግሞ ቀጠሮ አይዝም።

ምክር በበኩሉ አልጠፋም። ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንዲት እትዬ «ጀርመን ቢላ ይወዳል፤ እንዳታስነኪው ልጄ፣ ማርያም በሽልም ታወጣሻለች» ይሉኛል። የሥራ ጓደኛዬ ደግሞ «ምን ያስጨንቅሻል፣ ተኝተሽ ያወጡልሻል» ትለኛለች። ሁለቱም አናደዱኝ። ተቀምጦ የመጣን ልጅ ባልለመደ እጅ መውለድ ጀግንነት አይደለም። ኦፕራሲዮንም ጥርስ ማስነቀል አይደለም፤ ጠባሳው ለሚቀጥለው እርግዝና ይተርፋል፣ የእንግዴ ልጁ ጠባሳው ላይ የመጣበቅ አደጋም በየኦፕራሲዮኑ ይጨምራል። አራት አምስት ልጅ ለምትመኝ ሴት ይህ ከባድ ሒሳብ ነው። እኔና ባለቤቴ የምንመኘው ሁለት ነው። ፍራንክፈርት ብንኖር ኖሮ በምጥ እሞክረው ነበር፤ አሁንም እንዲያ ነው የማስበው። የምንኖረው ግን እዚህ ነው፤ ስለዚህ ካይዘርሽኒቱን ፈረምኩ።

የልጅ ሳንባ እንዲጠና ሲባል እስከ 39ኛው ሳምንት ጠበቁ። ከወገቤ በታች ደንዝዤ፣ ባለቤቴ አረንጓዴ ኮፍያ አጥልቆ ከራስጌዬ ተቀምጦ፣ ከመጋረጃው ማዶ መጀመሪያ የታየው መቀመጫዋ ነበር። የሐኪሞቹን ሳቅ ሰማሁ፤ ገና ሳትወጣ ካካዋን ለቃባቸዋለች። እትዬ ያንኑ ሰሞን ገንፎ አስይዘው መጡና «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉኝ፤ ስለ ቢላው አንድም ቃል አልተነፈሱም።

እግሮቿ ለቀናት ጆሮዋ ሥር እንደተሰቀሉ ቆዩ። ዳይፐር ስንቀይር ወደ ታች እናወርዳቸዋለን፤ እጃችንን ስናነሳ ተመልሰው ይወጣሉ። ይህ በራሱ ጊዜ ይለቃል። መታየት ያለበት ዳሌው ነው፤ ተቀምጠው የቆዩ ሕፃናት፣ በተለይ ሴቶቹ፣ የዳሌ መገጣጠሚያቸው በደንብ ሳይሠራ ሊቀር ይችላል። ጀርመን ሕፃናትን ሁሉ በአራተኛና በአምስተኛው ሳምንት መካከል ዳሌያቸውን በአልትራሳውንድ ያያል፤ የኔዋን ግን ተቀምጣ ስለነበረች በመጀመሪያው ሳምንትም አይተዋታል። አሜሪካ ያላችሁ ለሁሉም ሕፃን ስለማይደረግ ተቀምጦ እንደነበር ለሕፃናት ሐኪሙ ንገሩ፤ ስድስተኛው ሳምንት ገደማ እንዲታይ ይመከራል። የኔዋ ሁለቱም ጊዜ ደህና ሆኖ ተገኘ።

እማዬ በቪዲዮ እግሮቿን ስታይ «ኧረ አጥብቀሽ ጠቅልያት፣ ይቃኑላት!» አለች። ሐኪሙ ደግሞ እግርን ቀጥ አድርጎ አጥብቆ መጠቅለል ለዳሌ ጠንቅ ነው፣ ይልቅ እግሯን አንፈርክካ ሰው ገላ ላይ ብትታዘል ይጠቅማታል ብሎኝ ነበር። ይህን ስነግራት መጠቅለሉን ወዲያው ረሳችው። «ታዲያ እኔስ ምን አልኩሽ፤ ማዘል ነው!» ብላ ወደ ፍራንክፈርት በሚመጣ ሰው እጅ አንቀልባ ላከችልኝ። በርበሬና ሽሮ ጠቅልላበት ስለነበር ሽታው እስኪለቅ ደጋግሜ አጥቤዋለሁ።