1000 ካሬ በምጣድ ላይ

ጉዱ የመጣው የላቦራቶሪያችን ማድረቂያ የተበላሸ ሰሞን ነው። ለማስተርሴ የምሠራው ከመዳብ በተዘጋጀ ሰማያዊ ዱቄት ላይ ነው። ዱቄቱ ሁለመናው ቀዳዳ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ እዚያ ይገባል፤ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። ስንት ጋዝ እንደሚይዝ ለመለካት ግን መጀመሪያ ማድረቅ የግድ ነው።

የአከራዬ የእትዬ ቤት ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ሲወረድ ነው። ቅዳሜ እንጀራ ጋግረው ጎረቤት ቡና ሊጠጡ ወጡ። ምጣዱ ገና ትኩስ ነው። ዱቄቱን በመስታወት ሳህን አድርጌ ምጣዱ መሃል አስቀመጥኩና ከደንኩት። በረካ እስኪደርስ ጊዜ አለኝ ብዬ።

አቦል ላይ ተመለሱ። ስኳር አልቆ ኖሯል።

ክዳኑን ሲያነሱት ዱቄቱ ወይን ጠጅ መስሏል። ውሃው ሲወጣለት እንደዚያ ይሆናል፤ እሳቸው ከየት ይወቁ?

“ምጣዴ ላይ መተት!”

ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ መጣ። ሳህኑን በጨርቅ ይዤ ላስረዳ ስል የሐምሌ አየር ነውና እርጥበት ጠጥቶ ዓይናቸው እያየ ወደ ሰማያዊ ተመለሰ። ሁሉም አማተቡ።

“እትዬ፣ እንጀራዎ ዓይን የሚያወጣው ሊጡ ሲቦካ በሚወጣው ጋዝ አይደል? እኔ ያንኑ ጋዝ መልሼ ዓይን ውስጥ ነው የማስገባው።”

“ይሄ ብናኝ ዓይን አለው?”

“እንዴታ! የአንዱ ግራም የውስጥ ገጽ ብቻ ከ1000 ካሬ ይበልጣል።”

ዝም አሉ። “1000 ካሬ? እዚሁ አራት ኪሎ?”

“ካርታ አለው?” አሉ አንድ ጋሼ ከኋላ።

እንደ ፈረንጆች በ2025 ኪታጋዋ፣ ሮብሰንና ያጊ የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለሙት በዚህ ዓይነት ቀዳዳማ ነገር ነው ብል ማን ይስማኝ!

“እና ጋዙ ምን ይሆናል?” አሉ እትዬ።

“እንደ ሁኔታው ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሜቴን… መዳብ ሲሆን አልኮልም ይወጣል።”

ምነው ምላሴን በቆረጠው! እትዬ ድሮ አረቄ ያወጡ ነበር።

“ከጭስ አረቄ? በቀን ስንት ሊትር?”

እውነቱን ነገርኳቸው። አልኮሉ ሽታውም አልደረሰኝ። ኤሌክትሪኩን ውሃው ይሻማኛል፤ በአብዛኛው የሚወጣልኝ ሃይድሮጂን ነው።

“እሱስ ይጠጣል?”

ምጣዱን ሦስት ጊዜ በጎመን ዘር እንዳስስ ተፈረደብኝ። ጋሼ ግን ዛሬም በር ላይ ሲያገኙኝ ጠጋ ብለው፣ “ልጄ፣ ያ ቦታ ሊዙ ስንት ገባ?” ይሉኛል።