ከመስከረም 21 ገጽ፦ የቀን ደብተሬ የት ደረሰ?

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል። የቀን ደብተሬን ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እስካሁን 41 ገጽ ሞልቻለሁ። አንድ ገጽ ማለት አንድ ቀን ነው። በዚያ ቀን እኛ ቤት፣ ጎረቤትና በሌላው ዓለም የሚታሰበውን ሁሉ እዚያው ላይ ሰብስቤ እጽፋለሁ። ጥቁር እስክሪብቶ ለእኛ አቆጣጠር፣ አረንጓዴ ለሂጅራ፣ ሰማያዊ ለፈረንጅ። ቀን መሰብሰብ ለምትወዱና ለመጀመር ለምታስቡ፣ የተማርኩትንም የተሳሳትኩትንም ላካፍላችሁ።

መነሻዬ መስከረም 16 ቀን 2016 ነው። ረቡዕ ነበር። ደሴ ውስጥ የምንኖርበት ቤትና የጎረቤታችን የእትዬ ቤት በአንድ አጥር ነው የሚለያዩት፤ አጥሩም መሐል ላይ መሹለኪያ አለው። በዚያ ቀን እኛ ቤት ደመራ ነው። እነ እትዬ ቤት መውሊድ ነው። ከወዲህ ችቦ ይታሰራል፣ ከወዲያ መንዙማው ይሰማል። ልጆቹ በመሹለኪያው ሲመላለሱ ዋሉ። ቀኑ ረቡዕ ስለሆነ እኛ ጾም ላይ ነን፤ እትዬ ይህን ስለሚያውቁ በዘይት የተሠራ ምስር ወጥ በሳህን ሸፍነው ላኩልን። ማታ ስልኬን ስከፍት ደግሞ ሴፕቴምበር 27 የዓለም የቱሪዝም ቀን መሆኑን አየሁ። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ሲከበር የቆየ ቀን ነው።

ሦስቱ እንዴት አንድ ቀን ላይ ተገናኙ? ደግመውስ መቼ ይገናኛሉ? እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ጥያቄ ነው። ለመመለስ ብዬ ነው ቆጠራ መማር የጀመርኩት።

የመጀመሪያው ዓመት ትልቁ ስህተቴ የወር ስም ነው። የዓለም የቡና ቀን ኦክቶበር 1 መሆኑን አነበብኩ። ኦክቶበርን ብዙ ጊዜ "ጥቅምት" ብለው ሲተረጉሙት ስለምሰማ፣ ደብተሬ ላይ ጥቅምት 1 ብዬ አሰፈርኩ። ጥቅምት 1 ቀን 2017 ጓደኞቼን ቤት ጠርቼ ቡና አስፈላሁ። ከመካከላቸው አንዱ አስተማሪ ነው። ስኒውን አስቀምጦ በጣቱ ቆጠረና "ኦክቶበር 1 እኮ የእኛ መስከረም 21 ነው፤ አሥር ቀን አልፎታል" አለኝ። በጣም አዘንኩ፤ ከዚያ በፊት የሞላኋቸውን ገጾች በሙሉ እንደገና መፈተሽ ነበረብኝ። ስድስቱ ተሳስተው አገኘኋቸው። ስለዚህ አደራ፣ የወር ስም አትተርጉሙ። ኦክቶበር ኦክቶበር ነው፣ ጥቅምት ጥቅምት ነው። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፉ።

የሚገርመው ግን የስህተቱ ውጤት ነው። የቡናው ቀን መስከረም 21 ላይ ሲያርፍ፣ ወሎ ውስጥ ያ ቀን የማን እንደሆነ ለማንም አይጠፋም። የግሸን ማርያም ነው!

ሁለተኛውን ዓመት በሙሉ የፈጀሁት ባሕረ ሐሳብ በሚባለው የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት ላይ ነው። ያስተማሩኝ አንድ መሪጌታ ናቸው። የኔታ ወረቀት አይነኩም፤ በጣታቸው አንጓ ነው የሚቆጥሩት። እኔ እስካሁን ወረቀት ያስፈልገኛል። መግቢያው ግን የሚፈራ አይደለም። የ2018ን ላሳያችሁ። 5500 ላይ 2018 ስንደምር 7518 ይሆናል፤ ይህ ዓመተ ዓለም፣ ማለትም ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዓመት ነው። ለአራት ስናካፍለው 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል። አንድ ሲተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ሲተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ሲተርፍ ሉቃስ፣ ሳይተርፍ ሲቀር ዮሐንስ ነው። ስለዚህ 2018 ዘመነ ማርቆስ ነው። አሁን 7518 እና 1879ን እንደምር፤ 9397 ይመጣል። ለሰባት ስናካፍለው 3 ይተርፋል። አንድ ማክሰኞ፣ ሁለት ረቡዕ፣ ሦስት ሐሙስ። መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ዋለ። መስከረም 21 ደግሞ ከዚያ ሃያ ቀን በኋላ ስለሆነ ረቡዕ ይውላል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ አስልቼ ከግድግዳው ካላንደር ጋር ሳመሳክር የተሰማኝን ደስታ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ!

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ ነገር አለ፤ ቀስ ብላችሁ ያዙት። በሉቃስ ዓመት ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች። ስለዚህ የሚቀጥለው የዮሐንስ ዓመት መስከረም 1 የሚብተው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው። በዚያ ዓመት መስከረም 21 ኦክቶበር 2 ይሆናል ማለት ነው። በ2020 ግሸን ማርያም ከቡናው ቀን ትለያለች። የምትገናኘው ከጋንዲ ልደት ጋር ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ያንን ቀን ዓመፅ አልባነት የሚታሰብበት ብሎታል። መንሸራተቱ ግን ዓመቱን ሙሉ አይቆይም። ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29ን ሲጨምሩ ሁለቱ ቆጠራዎች ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት አይናወጡም። ገጽ ስትጀምሩ ቀኑ ከሚንሸራተተው ወይስ ከማይናወጠው ወገን እንደሆነ አስቀድማችሁ እዩ።

ሂጅራው ሌላ ነው። ዓመቱ 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ በእኛ ላይ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይመጣል። በ2016 መስከረም 16 የዋለው መውሊድ በ2017 መስከረም 5 ሆነ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደግሞ እንደገና መጣ። አንድ ዓመት ውስጥ ሁለት መውሊድ! እትዬ ሁለቱንም ደግሰዋል። ደመራና መውሊድ እንደገና የሚቀራረቡት ከ32 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ይህን ካሰላሁ ወዲህ ያቺ በሳህን የመጣች ምስር ወጥ ከዓይኔ አትጠፋም።

እንግዲህ ወደ መስከረም 21 ቀን 2018። ይህ ገጽ ከሁሉም የሞላው ነው።

እናቴ በዋዜማው ዋዜማ ወደ ግሸን ወጥታለች። አምባው የመስቀል ቅርጽ አለው። እንደሚተረከው በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የጌታ ግማደ መስቀል ያረፈው እዚያ ነው። ታሪኩ የተጻፈበት መጽሐፍ ጤፉት ይባላል፤ ፊደሉ እንደ ጤፍ ስለደቀቀ ነው። ይህን ሁሉ በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ። ያልሰማሁት የቀኑን ሌላ ስም ነበር። የኔታ ናቸው የነገሩኝ፤ ብዙኃን ማርያም። 318ቱ ሊቃውንት በኒቅያ መሰብሰባቸውም የሚታሰበው በዚሁ ቀን ነው። ጉባኤው እ.ኤ.አ. በ325 ነው የተደረገው፤ ስለዚህ ገጹን የሞላሁበት ዓመት ልክ 1700ኛው ነበር። ብዙኃን የምትለዋን ቃል ገጹ አናት ላይ በትልቁ ጻፍኳት።

በሰማያዊው በኩል ሦስት አሉ። የቡና ቀን፦ የዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ሚላኖ ላይ ያስጀመረው ነው። የቡና ነጋዴዎች ዓመትም የሚብተው ኦክቶበር 1 ነው፤ እነሱም እንደ እኛ በመስከረም አዲስ ዓመት አላቸው ማለት ነው። ሁለተኛው ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ቀን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ሰሜን አሜሪካ የተጀመረ። ቀኑ ረቡዕ ስለዋለ እኛ ሳናውቀው አክብረነዋል። ሦስተኛው የአረጋውያን ቀን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በዲሴምበር 1990 ወስኖት ከ1991 ጀምሮ ይከበራል።

እናቴ ስለሌለች እትዬ ቡና ጠሩኝ። ቀጤማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ቡናውን እየቆሉ ሳሉ ዛሬ የቡና ቀን እንደሆነ ነገርኳቸው። ማንከሽከሻውን ሳያቆሙ "ቡና የሌለበት ቀን አለ እንዴ ልጄ?" አሉኝ። አቦሉን ጠጣን፣ ዱዓ ተደረገ። "አሚን" አልን። ቶናው ላይ ስለ አረጋውያኑ ቀን አነሣሁ። እትዬ ሰባውን አልፈዋል። ልጆቻቸው ሁሉም ሩቅ ናቸው፤ ከመካከላቸው ዓረብ አገር ያሉም አሉ። ዝም ብለው ሰሙኝ። የስኒውን ከንፈር በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ "ዛሬስ ደግ። ነገሳ ማን ሊጠይቀን ነው?" አሉ።

መልስ አልነበረኝም። በረካውን ጠጥቼ ወጣሁ።

ያን ማታ ደብተሩን ስከፍት ገጹ የጎደለው መሰለኝ። ቀኑን ማን እንዳወጀው፣ መቼ እንደተጀመረ፣ በየትኛው አቆጣጠር የት እንደሚውል ሁሉም አለ። ቀኑ ወደ ማን ቤት እንደሚወስደኝ ግን የለም። ስለዚህ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፤ "ማን ጋ ልሂድ?" የሚል። ከዚያ ወዲህ ይህ ዓምድ ሳይሞላ ገጽ አልዘጋም። በየወሩ በ21 ደግሞ እትዬ ጋ ቡና አለኝ። ስኳሩን እኔ ነኝ የምወስደው።

ይህ ዓምድ ለሚያዝያ 23 ገጽ በጣም ጠቅሞኛል። ቀኑ ጊዮርጊስ ነው፣ ሜይ 1 ነው፣ የሠራተኞች ቀንም ነው። ሚያዝያ ከማይናወጡት ወራት ስለሆነ ሁለቱ በእኛ ዘመን አይለያዩም። የሠራተኛው ቀን ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1886 ቺካጎ ውስጥ ለስምንት ሰዓት ሥራ የተደረገው አድማ ነው። የጊዮርጊሱ ደግሞ ለእኛ ላስታ ነው፣ ቤተ ጊዮርጊስ ነው። ማን ጋ ልሂድ? ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንጋይ ሲጠርቡ የኖሩ አዛውንት ግንበኛ አሉ። አያ እንላቸዋለን። ሄድኩና ስለ ቤተ ጊዮርጊስ ጠየቅኳቸው። መሬት ላይ በእንጨት እየሣሉ አስረዱኝ። "እኛ ከታች ወደ ላይ ነው የምንሠራው። አንዱ ድንጋይ ከተበላሸ አውጥተህ ሌላ ትከታለህ። እነሱ ከአንድ አለት ከላይ ወደ ታች ነው የወረዱት። ከአለት ላይ የተነሣ አይመለስም። እጃቸው አንድ ቀን እንኳ መሳት አልነበረበትም" አሉኝ። መዳፋቸውን ዘርግተው አዩት። ስለ ሠራተኞች ቀን ያነበብኩት ሁሉ አንድ ላይ ቢደመር ያንን መዳፍ አያህልም።

አሁን የማዘጋጀው የሰኔ 12ን ገጽ ነው። ቅዱስ ሚካኤል ነው፤ የንጉሥ ላሊበላም የዕረፍት በዓል ነው። ሰኔም አይናወጥም፤ በእኛ ዘመን ሁልጊዜ ጁን 19 ነው። በዚያ ቀን እ.ኤ.አ. በ1865 ቴክሳስ ጋልቬስተን ውስጥ በባርነት የነበሩ ጥቁር ሕዝቦች ነፃ መሆናቸው ተነገራቸው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በብሔራዊ በዓልነት ታከብረዋለች። ይህን በሰማያዊ ጽፌዋለሁ፤ የሚካኤሉም የላሊበላውም ገብቷል።

ከዚህ በታች አንድ መስመር ክፍት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጁን 19ን በጦርነት ወቅት የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት እንዲወገድ የሚታሰብበት ቀን አድርጎታል። ወሎ ጦርነትን አይታለች። "ማን ጋ ልሂድ?" የሚለውን ዓምድ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አቆምኩ። እትዬን አማከርኳቸው። "ጻፈው፤ ስትሄድ ግን ምንም አትጠይቅ። ቡና ይዘህ ግባ" አሉኝ። ቡናውን ገዝቻለሁ።