ኳታር ላይ ከፊል (ስፖንሰር የሆነ አሠሪ) ስናስቀይር የተማርነው

ኳታር ውስጥ አሠሪ ለመቀየር የግድ ይጠየቅ የነበረው ኤን ኦ ሲ (የአሠሪው «አልቃወምም» ደብዳቤ) የቀረው እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ቁጥር 19 ሕግ ነው። በፊት ያለ አሠሪው ፈቃድ መዛወር የፈለገ ኮንትራቱን መጨረስ ነበረበት፤ ማብቂያው ያልተቆረጠ ከሆነ ደግሞ 5 ዓመት ይጠብቃል። አዲሱ ሕግ የቤት ሠራተኞችንም ይጨምራል። ብዙ እህቶቻችን ግን ይህንን ሳያውቁ ዛሬም ከፊሉን ደጅ ይጠናሉ።

ማመልከቻ ስንሞላ መጀመሪያ የምናየው ሠራተኛዋ ከአሠሪዋ ጋር የቆየችበትን ጊዜ ነው። 2 ዓመት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የ1 ወር፣ ከዚያ ከበለጠ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ አለባት። በሙከራ ጊዜ ላይ ካለች ማስጠንቀቂያው 1 ወር ሆኖ፣ አዲሱ አሠሪ ለቀድሞው የማስመጫ ወጪና የአንድ መንገድ ቲኬት ይተካል፤ ጣሪያው የ2 ወር መሠረታዊ ደመወዝ ነው።

ከዚያ ወረቀቶቹ፦ የአሠሪ መቀየሪያ ቅጽ፣ የአሁኑ ኮንትራት ቅጂ፣ አዲሱ አሠሪ በዓረብኛ የጻፈው የሥራ ግብዣ። ማስጠንቀቂያው በሥራ ሚኒስቴር የኢንተርኔት መስመር ይገባል። አዲሱ አሠሪ ኮንትራት ያዘጋጃል፣ ይፈራረማሉ፣ ሚኒስቴሩ ያጸድቀዋል፤ ኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ) የሚዛወረው በመጨረሻ፣ በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ነው።

ነገር የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ መሃል ነው። ለማዳም በቃል ብቻ «ልለቅ ነው» ማለት ማስረጃ አይሆንም። የማስጠንቀቂያው ጊዜ ሳያልቅ ቤቱን ጥሎ መውጣት ደግሞ «ጠፍታለች» የሚል ክስ ያስከትላል፤ ክስ ከገባ ዝውውሩ ይቆማል። ስለዚህ እስከ መጨረሻዋ ቀን ሥራ ላይ መቆየትን አጥብቀን እንመክራለን፤ ድብደባ ወይም ሌላ አደጋ ካለ ግን ቀን መቁጠር የለም፣ ፖሊስ ጋ መሄድ ነው። ሲም ካርዱም በራሷ ባጣቃ (የመኖሪያ ፈቃድ መታወቂያ ካርድ) የወጣ ይሁን፤ በማዳም ስም ከሆነ ስለ ዝውውሩ የሚላከው መልእክት በማዳም እጅ ላይ ይወድቃል።

ሕጉ ያልነካው ትልቁ ቀዳዳ ኢቃማን የማሳደስ ሥልጣን አሁንም በአሠሪው እጅ መሆኑ ነው። እሱ ሳያሳድስ ቢቀር የምትንገላታው ሠራተኛዋ ናት። ይህ ካልተስተካከለ ዝውውሩ ቀለለ ለማለት ይከብደኛል። ለጊዜው የምናደርገው የባጣቃውን ማብቂያ ቀን ቀድሞ መዝግቦ፣ ከዚያ በፊት ማመልከት ነው። አሠሪ የሠራተኛዋን ፓስፖርት መያዙም ክልክል ነው፤ ቅጣቱ እስከ 25,000 ሪያል ይደርሳል።

አዲሱን ኮንትራት ከመፈረም በፊት ደመወዙን ማየት አይዘንጋ፦ ከመጋቢት 2021 ጀምሮ ዝቅተኛው በወር 1,000 ሪያል ነው፤ ማደሪያና ምግብ አሠሪው ካላቀረበ 500 እና 300 ሪያል ይጨመርበታል።