በዚህ ብር በግ ይገዛ ነበር

እኔ የፈለግኩት ትንሽ ነገር ነው። ከሥራ ስገባ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ በር ላይ የምትቀበለኝ፣ ቁጭ ስል ጭኔ ላይ ዘላ የምትወጣ፣ ሳነሳት የማትንፈራገጥ ድመት። በቃ ይሄው ነው። ሰው መኪና ሲመርጥ ማንም ምንም አይልም፣ ለልጁ ትምህርት ቤት ሲመርጥ ይደነቃል፣ ድመት ልምረጥ ስትል ነው ደሴ በሙሉ ዞሮ የሚያይህ።

እማዬ ገና ሐሳቡን ስነግራት "ድመት አትመረጥም፣ ራሷ ነው የምትመጣው" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እኛ ሰፈር ድመት ራሷ ነው የምትመጣው፣ መጥታም ያገኘችውን በልታ፣ ምድጃ ዳር አንድ እንቅልፍ ለጥጣ፣ እኔን ኪራይ እንዳልከፈለ ተከራይ ሽቅብ ቁልቁል አይታኝ ትወጣለች። እኔ ደግሞ ሰልችቶኛል። በገዛ ቤቴ!

ስለዚህ ማጥናት ጀመርኩ። ሰው ለማትሪክ እንደዚህ አያጠናም። ሜይን ኩን የሚባለውን አየሁ፣ ከአሜሪካ ሜይን ግዛት የመጣ ግዙፍ ፀጉራም ነው፣ ጠባዩ ሸጋ ነው ይላሉ፣ ግን ያንን አካል በምን ልቀልበው፣ እኛ ራሳችን ሥጋ የምናየው በዒድ ነው። ፐርሺያን አየሁ፣ እርጋታው ደስ ይላል፣ ግን ፀጉሩ በየቀኑ ካልተበጠረ ይቋጠራል፣ ፊቱ ጥፍጥፍ ስለሆነ መተንፈስም ያስቸግረዋል፣ ዓይኑም ያለቅሳል ይጠረጋል፣ እኔ የራሴን ፀጉር የማበጥረው ሰርግ ሲኖር ነው። ሳያሚዝ አየሁ፣ ፍቅር ነው፣ ከሰው አይለይም፣ ችግሩ ቀኑን ሙሉ ያወራል፣ እኛ ቤት ደግሞ እህቴ አለች።

በመጨረሻ ራግዶል ጋ ደረስኩ። አን ቤከር የምትባል ሴትዮ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ካሊፎርኒያ ሪቨርሳይድ ከተማ ውስጥ ያወጣችው ዘር ነው። ዓይኑ ሰማያዊ፣ ወንዱ እስከ 9 ኪሎ የሚደርስ፣ ባለቤቱን ከክፍል ክፍል የሚከተል (የኛ ቤት ሁለት ክፍል ነው ቢሆንም)፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሲያነሱት ዝልፍልፍ የሚል። አንዷ ፈረንጅ ቪዲዮ ላይ ድመቷን በጀርባዋ ክንዷ ላይ አስተኝታ ስልክ ታወራለች፣ ድመቷ አራት እግሯን ለቅቃ፣ አንገቷን ጥላ፣ አጥንት የሚባል ነገር የላትም። ያቺን ቪዲዮ ስንቴ እንዳየኋት አትጠይቁኝ።

ኦንላይን ላይ አንድ የአዲስ አበባ ሻጭ አገኘሁ። "ኦሪጅናል ራግዶል ነው ብሮ" አለኝ። ፎቶ ላከ፣ ነጭ ነው፣ ዓይኑ ሰማያዊ። ጆሮውና ጅራቱ ጠቆር ማለት አልነበረበትም ወይ ስለው (አጥንቻለሁ እኮ) "ሲወለዱ ነጭ ናቸው ብሮ፣ ቀለሙን ብርድ ነው የሚያወጣው፣ ደሴ ደግሞ ብርድ ነው፣ ቶሎ ይጠቁርልሃል" አለ። የሚያበሽቀው ይሄ ውሸት አለመሆኑ ነው! እነዚህ ዘሮች ላይ ቀለሙን የሚሠራው ኢንዛይም ሙቀት አይወድም፣ ስለዚህ ገላው ነጣ ብሎ ይቀርና ብርድ የሚያገኘው ጆሮ፣ አፍንጫ፣ እግርና ጅራት ይጠቁራል። ሰውየው በእውነት ነው ያታለለኝ።

ድመቱ አራት መቶ ኪሎ ሜትር በጫማ ካርቶን ተጉዞ መጣ። ረዳቱ ካርቶኑን ሲሰጠኝ "መንገዱን ሙሉ ሲሳደብ ነው የመጣው" አለኝ። ለእማዬ ዋጋውን ከግማሽ በታች አድርጌ ነው የነገርኳት፣ እሱንም ሰምታ ሻሿን አስተካክላ ዝም አለች፣ ከዛ ድመቱን አየችው፣ ከዛ እኔን አየችኝ፣ "በዚህ ብር በግ ይገዛ ነበር" አለች። ስሙን ሪቨር አልኩት። እሷ ውሮ አለችው። የሚሰማው እሷን ነው።

እንግዲህ መጥቆሩን መጠበቅ ነው። ማታ ማታ መስኮቱን በትንሹ ገርበብ አድርጌ ከጦሳ የሚወርደውን ብርድ አስገባለሁ፣ ጠዋት ጆሮውን በስልክ መብራት አያለሁ። ምንም። እህቴን ጉንፋን ያዛት። ጆሮው ግን ያው ነጭ፣ ጭራሽ ዓይኑ ወደ ቢጫ አረንጓዴ መሄድ ጀመረ። ለሻጩ ጻፍኩለት። "ደሴ በቂ ብርድ የላትም ማለት ነው ብሮ፣ ደላንታ ዘመድ የለህም?" ብሎ መለሰልኝና ብሎክ አደረገኝ።

መዝለፍለፉስ? እሱን ተዉት። በግራ ክንዴ ሞከርኩ፣ በቀኝ ሞከርኩ፣ ከምሳ በኋላ ሆዱ ሲሞላ ሞከርኩ፣ የክረምት ጃኬት ለብሼ ሞከርኩ። ገና ከመሬት ሲነሳ ግትር ይላል፣ ከዛ አራቱንም እግር አንዴ ያሠማራቸዋል። መሥሪያ ቤት "ማነው እንዲህ የቧጨረህ?" ይሉኛል፣ "ራግዶል" እላለሁ፣ "እሱ ደግሞ ምንድነው?" ሲሉኝ "ሰው የሚወድ ድመት" እላለሁ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ላስከትበው በዘንቢል ይዤው እንስሳት ክሊኒክ ሄድኩ። ወረፋው ሙክት ነው፣ ጊደር ነው፣ አንድ ጥርሱን የታመመ የሚመስል አህያ አለ፣ ከኋላዬ ሽርጥ ያሸረጡ አንድ አባት ጠቦት በገመድ ይዘው ቆመዋል። ዘንቢሌ ውስጥ ነጠላ አልብሼዋለሁ። ሁሉም ዘንቢሉን ያያል። "ዶሮ ነው?" አለኝ የአህያው ባለቤት። ዝም አልኩ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ትሁት ናት፣ ትህትናዋ ነው የገደለኝ። ካርድ አወጣች። "ዝርያው?" "ራግዶል" አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። "እ? ይቅርታ አልሰማሁም።" "ራግዶል!" ወረፋው በሙሉ ሰማ፣ አህያው ሳይቀር ጆሮውን አዞረ። እሷ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ካርዱ ላይ ጻፈች። በተገላቢጦሽ አነበብኩት፦ "የአካባቢ"።

"ዶክተርዬ፣ ዓይኑ እኮ ሰማያዊ ነበር" አልኳት። "የሁሉም ድመት ግልገል ዓይን መጀመሪያ ሰማያዊ ነው፣ ሁለት ወር አካባቢ ነው የሚቀየረው" አለች ፈገግ ብላ። እዚህ ላይ ክትባቱን አስወግቼ ውልቅ ማለት ነበር፣ ግን ሆዴ ሞልቷል፣ "ተግባቢም አይደለም" ብዬ ክስ ጀመርኩ። እሷም ከልቧ አስረዳችኝ፣ ተግባቢነት በዘር ብቻ አይመጣም፣ ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ሰው እየዳሰሰው ካደገ ሰው ይለምዳል፣ ካለፈ በኋላ ከባድ ነው። "አባቱም ላይ ይወሰናል" አለች፣ "ተግባቢ አባት ያላቸው ግልገሎች ሰው አይፈሩም።" ከዛ እስክሪብቶዋን ካርዱ ላይ አድርጋ፦

"አባቱን ታውቀዋለህ?"

ወረፋው ፀጥ። ሙክቱ ማመስኳት አቆመ። እኔ ደግሞ ምን ብል ጥሩ ነው፣ "ስለ አባቱ ምንም አልነገሩኝም።"

"አስተግፊሩላህ" አለ አንዱ ከኋላ። የጠቦቱ አባት ግን አዘኑልኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "አብሽር ልጄ፣ ያሳደገ ነው አባት" አሉኝ። ሐኪሟ ፊቷን ወደ መድኃኒት መደርደሪያው አዞረች፣ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል።

ክትባቱ ደረሰ፣ ሪቨር ከዘንቢሉ አልወጣም አለ፣ እጄን ነከሰኝ። ሽማግሌው "እስቲ ዞር በል" አሉና የጠቦቱን ገመድ ለእኔ ሰጥተው፣ እጃቸውን ሰደድ አድርገው፣ ማጅራቱን ይዘው አወጡትና ክንዳቸው ላይ በጀርባው አስተኙት።

ተዝለፈለፈ።

ወገን፣ ያ ድመት ተዝለፈለፈ! አንገቱ ወደ ኋላ ወድቋል፣ አራት እግሩ ወደ አራት አቅጣጫ ተንጠልጥሏል፣ የምላሱ ጫፍ ወጥቷል፣ ኩርር ኩርር የሚለው እኔ ጋ ድረስ ይሰማል፣ እኔ ጋ አንድም ቀን ሞተሩ ተነስቶ አያውቅም። ጅራቱ ተዘርግቶ የጠቦቱን አፍንጫ ይነካል፣ ጠቦቱ ያሸተዋል፣ እሱ ግድ የለውም። መርፌው ገባ፣ ወጣ፣ ጆሮውን እንኳ አላንቀሳቀሰም። ሽማግሌው በሌላ እጃቸው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ክንዳቸውን አየሁት፣ ቀጭን ነው፣ ክርኑ ላይ የታጠፈ አሮጌ ሹራብ አለ፣ ምንም የተለየ ነገር የለውም፣ እስካሁን ማታ ስተኛ ያ ክንድ ነው የሚመጣብኝ፣ የበግ ሽታው ነው? ወተት ነክተው ይሆን? የእኔ ክንድ ምን አጥቶ ነው?

እኔም ጠቦት እንደያዝኩ "አያችሁ! ራግዶል ነው አላልኳችሁም!" ብዬ ጮህኩ። ሳቁ እስካሁን ያለቀ አይመስለኝም።

ማታ ካርዱን እያየሁ ሌላ ነገር አናደደኝ። አቢሲኒያን የሚባል ታዋቂ የድመት ዘር አለ አይደል? እንግሊዞች እዚሁ ወሎ መቅደላ ላይ በፈረንጆቹ 1868 አፄ ቴዎድሮስን ከወጉ በኋላ፣ ያንን ሁሉ ቅርስ በ15 ዝሆንና 200 ገደማ በቅሎ ጭነው ሲሄዱ፣ ዙላ የምትባል ድመትም አብራ ሄዳለች ይባላል፣ በ1871 ለንደን ክሪስታል ፓላስ የድመት ትርኢት ላይም አቢሲኒያን ተብሎ ቀርቧል። አሁን የዘረመል ጥናቱ ሲታይ የዘሩ ሥር የህንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ነው። ማለት የህንዱ ድመት "ሐበሻ" ተብሎ ወረቀት ይዞ በዶላር ይሸጣል፣ የኔው እዚሁ አገር ተወልዶ፣ በሀገሩ አውቶብስ ተሳፍሮ፣ ወረቀቱ ላይ "የአካባቢ"። የየትኛው አካባቢ? እሱ እንኳን አልተጻፈም። ቅርሱን ይመልሱ ሲባል ይሄም ይታሰብበት።

ድመቱ አሁን አድጓል፣ ያው ነጭ ነው። ቡና ሲፈላ እማዬ ጭን ላይ ነው የሚውለው፣ እሷም በረካውን እየቀዳች "ያ ረቢ ሲያምር" ትለዋለች፣ ስለ በጉ ማንሳት ትታለች፣ እኔ ግን አልረሳሁም።

ባለፈው ሰኞ ገበያ ሽንኩርት እየገዛሁ ነበር፣ ከነጋዴው ጋር ኪሎ ላይ ስንጨቃጨቅ ከማዶ አንድ ድምፅ "ያ ልጅ! ያ የድመቱ ልጅ!" አለ። ዞር ስል እሳቸው ናቸው፣ ያው ሹራብ። ገበያው በሙሉ ወደ እኔ ዞሯል። ሰላምታም የለ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጮክ ብለው፦

"አባቱ ተገኘ?"