ዓሣ ከቅርብ፣ ዕቃ ከሩቅ

ዛሬ 21ኛ ቀናቸው ነው። ከሩቅ አዝዤ ያስመጣኋቸው 12 ኒዮን ቴትራዎች (ትናንሽ የገንዳ ዓሦች) 12ቱም በሕይወት አሉ። ለብዙዎቻችሁ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን ትልቅ ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አዝዤ፣ ሁለቱንም ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በ3 ቀን ውስጥ አልቀውብኛል። ደስ ስላለኝ ነው ዛሬ የምጽፈው።

ስለ መጀመሪያው ዓመቴ ብዙ አላወራም። ባለ 60 ሊትር ገንዳ ገዛሁ፣ ውሃ ሞላሁ፣ በዚያው ቀን ዓሣ ጨመርኩ፣ ሞቱ። ብዙዎቻችን ያለፍንበት ነው። ከዓሣው የሚወጣው ቆሻሻና የተረፈው ምግብ አሞኒያ እንደሚሆን ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ በጣም ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። እነሱ ፊልተሩ (የውሃ ማጣሪያው) ላይ እስኪበዙ ደግሞ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ይህን ሳይነግረኝ ገንዳና ዓሣ በአንድ ቀን የሸጠልኝን ባለሱቅ በጣም ተቀይሜው ነበር። በዚያ ቂም ሱቅ መሄድ ተውኩና ሁሉንም ነገር ከሩቅ ማዘዝ ጀመርኩ። ዋናው ስህተቴ የተጀመረው እዚህ ጋ ነው።

ከሩቅ የሚመጣ ዓሣ በላስቲክ ታሽጎ፣ ኦክስጅን ተሞልቶለት፣ አንዳንዴ ከአንድ ቀን በላይ ተጉዞ ነው የሚደርሰው። እኔ የማውቀው የማላመጃ ዘዴ አንድ ብቻ ነበር። ላስቲኩን እከፍታለሁ። ዓሦቹን ከነውሃቸው ባልዲ ውስጥ አደርጋለሁ። ከዚያ በቀጭን ቱቦ የገንዳዬን ውሃ ጠብ ጠብ እያደረግኩ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት አቆያቸዋለሁ። ይህን ያህል መታገሤ ጥንቃቄ ነው ብዬ አምን ነበር።

ዓሦቹ ግን ገና ባልዲው ውስጥ እያሉ ነበር የሚታመሙት። ስንጥባቸው ቶሎ ቶሎ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ወደ ላይ ይወጡና አፋቸውን ከፍተው ይቆያሉ። ገንዳው ውስጥ ከገቡ በኋላ ጥግ ይዘው ይቆማሉ። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሦስቱ ሞተው አገኛለሁ። መጀመሪያ ሻጩን ወቀስኩ። ቀጥሎ ከሌላ ሻጭ አዘዝኩ። ያው ሆነ። ያኔ ነው ችግሩ እኔ ጋ ሊሆን ይችላል ብዬ ማንበብ የጀመርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣው በታሸገው ላስቲክ ውስጥ ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል። ይህ የውሃውን ፒኤች (ዝቅ ሲል ውሃው ይበልጥ አሲድ መሆኑን የሚያሳየውን መለኪያ) ወደ ታች ያወርደዋል። በስንጥቡ በኩል አሞኒያም ያስወጣል፣ እሱም እዚያው ይጠራቀማል። ፒኤቹ ዝቅ ባለ ውሃ ውስጥ ግን አሞኒያው ከሞላ ጎደል አሞኒየም ሆኖ ነው የሚቀመጠው። አሞኒየም ለዓሣ ብዙም መርዛማ አይደለም። ስለዚህ ዓሣው በዚያ ቆሻሻ ውሃ ውስጥ ረጅም መንገድ ችሎ ይመጣል። ላስቲኩ ሲከፈት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል። ፒኤቹ ይነሳል። አሞኒየሙም ወደ መርዛማው አሞኒያ መለወጥ ይጀምራል። ፒኤች በ1 ሲጨምር የመርዛማው ድርሻ ወደ 10 እጥፍ ገደማ ያድጋል። የእኔ ገንዳ ፒኤች ደግሞ 7.6 ነው። ማለት፣ በዚያ ቱቦ ጠብ ጠብ ባደረግኩ ቁጥር መርዙን እያባባስኩት፣ ዓሦቹንም እዚያው መሃል አስቀምጬ እጠብቅ ነበር።

ይህን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እውነት ለመናገር እነዚያን ዓሦች የገደልኳቸው እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ጊዜ ሁሉንም ቀየርኩት። ከማዘዜ በፊት ሻጩን የውሃውን ፒኤች፣ ጥንካሬ (የማዕድን መጠን) እና ሙቀት ጠየቅኩት። ፒኤቹ 7.1 ነው አለኝ። ባለ 40 ሊትር ለይቶ ማቆያዬን፣ አዲስ ዓሣ ለብቻው የሚቆይበትን ገንዳ፣ በዚያው ልክ አዘጋጀሁ። ዓሦቹ ሲደርሱ ላስቲኩን ሳልከፍት ውሃው ላይ ለ20 ደቂቃ አንሳፈፍኩት፣ ሙቀቱ እንዲስተካከል። ከዚያ ከፈትኩ፣ ባልዲ ላይ በያዝኩት መረብ አጠለልኳቸው፣ ወዲያው ለቀቅኳቸው። የላስቲኩ ውሃ አንድ ጠብታም ወደ ገንዳው አልገባም። መብራት እስከ ማግስቱ አላበራሁም። በመጀመሪያው ቀን ምግብም አልሰጠሁም።

የተረፈውን የላስቲክ ውሃ ግን አልደፋሁትም። እንደተከፈተ ፒኤቹን ለካሁ፣ 6.3። ብርጭቆ ውስጥ አድርጌ አየር እየነፋሁበት ለሁለት ሰዓት ተውኩት። 7.1 ሆነ። ይህ ብቻ መርዛማውን አሞኒያ 6 እጥፍ ገደማ ያሳድገዋል፣ የኔ ገንዳ ውሃ ሳይጨመርበት። የሚገርመው የአሞኒያ መመርመሪያው ሁለቱንም ጊዜ ያሳየኝ ቀለም አንድ ነው። መመርመሪያው አሞኒያውንና አሞኒየሙን ደምሮ ነው የሚለካው። ስለዚህ አሞኒያ ስትለኩ ፒኤቹንም አብራችሁ ለኩ፣ አለበለዚያ ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም።

ከቅርብ ሱቅ ለሚመጣ ዓሣ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ መንገድ ብዙ አሞኒያ አይጠራቀምም። ቀስ ብሎ ማላመድ አይጎዳም፣ ለሽሪምፕ እንዲያውም ይጠቅማል። እኔ ለቅርብ የሚሆነውን ዘዴ ነበር ለሩቁ የተጠቀምኩበት።

አሁን ዓሣን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው። ቅርብ ከተገኘ ከቅርብ ነው የምገዛው። ዓሣ በፎቶ አይመረጥም። ሱቅ ስገባ መጀመሪያ የማየው ልገዛ የፈለግኩትን ዓሣ ሳይሆን ሌሎቹን ገንዳዎች ነው። የሞተ ዓሣ ሳይነሳ ቀርቷል? ክንፋቸውን ሰብስበው የቆሙ አሉ? ሆዳቸው የገባ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለባቸው? ብዙ ሱቆች ገንዳዎቹን ሁሉ በአንድ ፊልተር ነው የሚያገናኙት። አንዱ ጋ ያለ በሽታ ሌላውም ጋ ይደርሳል። ቀጥሎ ባለሱቁን ምግብ ስጥልኝ እለዋለሁ። የማይበላ ዓሣ አልገዛም። መቼ እንደገቡም እጠይቃለሁ። ትናንት የገቡ ከሆነ በሚቀጥለው ሳምንት እመለሳለሁ። አንዳንድ ባለሱቅ ከተከፈለው ያቆይላችኋል።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ከሁለት ወር በፊት 4 ኮሪዶራስ የሚባሉ ዓሦች ገዝቼ በቀጥታ ትልቁ ገንዳ ውስጥ ጨመርኳቸው። ጤነኛ ይመስሉ ነበር። ለይቶ ማቆያውን ማዘጋጀት ሰነፍኩ። በ5ኛው ቀን ነጭ ነጠብጣብ ወጣባቸው። መድኃኒት ጀመርኩ፣ ነጠብጣቡ ሲጠፋ አቆምኩ። ተመልሶ መጣ። ጥገኛ ተባዩ ዓሣው ቆዳ ውስጥ እያለ መድኃኒቱ አይነካውም። የሚገድለው ወጥቶ፣ ተራብቶ፣ ልጆቹ ውሃ ውስጥ ሲዋኙ ነው። ነጠብጣቡ ጠፋ ማለት በሽታው ለቀቀ ማለት አልነበረም። አንዱን ኮሪዶራስና ገንዳው ውስጥ የነበሩ ሁለት ጉፒ ዓሦች አጣሁ። ከአሁን በኋላ 4 ሳምንት ሳይቆይ የሚገባ ዓሣ የለም።

ዕቃን ከሩቅ ለመግዛት ግን አትፍሩ። ፊልተርና መብራት በመንገድ አይሞቱም፣ ምርጫውም ሰፊ ነው። ማሞቂያ ግን ከቅርብ ቢሆን እመርጣለሁ። ሲበላሽ ዓሣ ይቀቅላል ወይም ያቀዘቅዛል፣ ያኔ ምትኩ ዛሬውኑ ነው የሚያስፈልገው። የውሃ መመርመሪያ ከየትም ግዙ፣ ፈሳሹን እንጂ ወረቀቱን አትግዙ። የሚያበቃበትን ቀን ማየት አትርሱ፣ መደርደሪያ ላይ የከረመ ብዙ አለ። ከሁሉም ዕቃ ግን የምወደው ስፖንጅ ፊልተር ነው። በአየር ፓምፕ ብቻ ይሠራል፣ የዓሣ ጫጩት አይስብም። እኔ አንዱን ሁልጊዜ ትልቁ ገንዳ ጥግ አስቀምጠዋለሁ። ለይቶ ማቆያ ሲያስፈልግ ባክቴሪያው ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል፣ 4 ሳምንት አልጠብቅም።

ከሁለቱም የሚሻል ሦስተኛ መንገድ አለ፣ እንደኛው የሚያረባ ሰው። ዓሣው እዚሁ እኛ በምንጠቀመው ውሃ ተወልዶ ያደገ ነው። ወላጆቹንም ታያላችሁ። ለአዲስ ገንዳ የሠራ፣ ባክቴሪያ የያዘ ስፖንጅ ቢሰጣችሁ ትልቅ ውለታ ነው። ከስፖንጁ ጋር በሽታም ሊመጣ ስለሚችል ግን ከማውቀው ሰው ብቻ ነው የምቀበለው።

ኒዮኖቹ አሁን ለይቶ ማቆያው ውስጥ በቡድን ይዋኛሉ። ቀያቸው ደምቋል። በየሁለት ቀኑ 10 በመቶ ውሃ በትልቁ ገንዳ ውሃ እየቀየርኩ ፒኤቹን 7.4 አድርሼዋለሁ። አንድ ሳምንት ቀርቷቸዋል። ቀጥሎ ሽሪምፕ ከሩቅ ማስመጣት አስቤያለሁ። ሽሪምፕ የውሃ ለውጥ በጣም ስለሚጎዳው እንዲህ በአንዴ መልቀቁን ፈርቻለሁ። በረጅም መንገድ ያስመጣችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁ ንገሩኝ።