ባለፈው ወር ነው የቀየርኩት

ባለፈው እሁድ አንድ ፎቶ ለቀቅኩ። ባለሁለት ቀለም ጫማ አድርጌ፣ የቦውሊንግ ኳስ እንደ ሕፃን አቅፌ፣ ጥርሴን አስጥቼ ቆሜያለሁ። ከራሴ በላይ ባለው ስክሪን ላይ ደግሞ በትልቁ "ኦይል ቼንጅ" የሚል ጽሑፍ ይነበባል፣ የመኪና ዘይት ቅያሪ ማለት ነው። አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ የአክስቴ ልጅ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። "አንተ፣ ኳስ ልታንከባልል ነው እንዴ ከሀገር የወጣኸው? ደግሞ ያ ከላይ የተጻፈው ምንድን ነው? ጋራዥ ከፈትክ?" ይላል። ከኋላው ሰው ይስቃል። ቤቱ ሙሉ ሰምቶታል ማለት ነው።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ ያ ሳቅ ናፈቀኝ። አራት አምስት ሰው በአማርኛ ተቀባብሎ ሲስቅ ከሰማሁ ቆይቷል። ልመልስለት ስልኩን አነሳሁና ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። "ከባዱ ማንከባለሉ አይደለም፣ ዘይቱን ማንበቡ ነው" ብዬ ብነግረው፣ ይሄ ልጅ ለየለት ብሎ እናቴ ጋ ነው የሚሮጠው። እዚሁ ልጻፈው። እሱም ያነባል።

ነገሩ የመጣው ከሥራ ቦታ ነው። የማታ ፈረቃ አብረውኝ የሚሠሩት ሰዎች በእረፍታቸው ቀን የቦውሊንግ ሊግ ይጫወታሉ። ሌን በሚሉት ረጅም ወለል ላይ ከባድ ኳስ አንከባልሎ፣ ጫፉ ላይ የቆሙትን ጠርሙስ የሚመስሉ አሥር ፒኖች መጣል ነው። አንዱን ወገቡን አመመውና ቡድኑ ጎደለ። "ቦውሊንግ ትችላለህ?" አሉኝ። እችላለሁ አልኩ። እኛ አላውቅም ማለት መች ይሆንልናል? መንገድ የጠየቀንን ሰው እንኳ የማናውቀውን ሰፈር በሙሉ ልብ በእጃችን እናሳያለን።

የመጀመሪያው ማታ የወረወርኳቸው ሁለት ኳሶች ሁለቱም ከሌኑ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ገቡ። ሁሉም ተነሥተው መዳፌን እየመቱ "ጎበዝ! ጥሩ ሙከራ!" አሉኝ። እዚህ ሰው ሲሳሳት ያጨበጭቡለታል። የምር ይሁን ሙድ እየያዙብኝ ለማወቅ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ከቡድናችን ውስጥ አንድ ሽማግሌ አሉ። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ናቸው። በእንግሊዝኛ ስማቸውን በባዶው እጠራለሁ፣ በልቤ ግን "ጋሼ" ነው የምላቸው። አራት ኳስ በባለጎማ ሻንጣ እየጎተቱ ይመጣሉ። እኔ ከሀገር ስወጣ የያዝኳት ሻንጣ ከሳቸው የኳስ ሻንጣ ታንሳለች። ያን ማታ ኳሳቸውን በፎጣ እየጠረጉ ትክዝ ብለው ወደ ሌኑ አዩና፣ "ዛሬ ዘይቱ ቶሎ ነው የደረቀው። አንተ ጋስ እንዴት ነው?" አሉኝ።

ስለ መኪና መስሎኛል። በዚህ ብርድ ሰው ከመኪናና ከአየር ሌላ ምን ያወራል? "የኔ ደህና ነው፣ ባለፈው ወር ነው የቀየርኩት" አልኳቸው። በኩራት ጭምር።

ለአፍታ ዝም አሉ። ከዚያ ሳቁ ከኛ ወንበር ተነሥቶ አጠገባችን ያለው ቡድን ጋ ደረሰ። በሚቀጥለው ሳምንት ስመጣ ውጤት የሚያሳየው ስክሪን ላይ ስሜ ጠፍቷል። በቦታው "ኦይል ቼንጅ" ተጽፏል። ይኸው እስከ ዛሬ አልተነሣም።

ለማታውቁት፣ ሌኑ ዘይት ይቀባል። ከመነሻው መስመር እስከ መጀመሪያው ፒን 60 ጫማ ነው፣ 18 ሜትር ከምናምን። ወርዱ ደግሞ 39 ጣውላ። በየቀኑ አንድ ማሽን እየሄደ አሮጌውን ዘይት ይጠርግና አዲስ ይቀባል። ብዙውን ጊዜ ከ38 እስከ 42 ጫማ ድረስ ቀብቶ፣ ፒኖቹ ያሉበትን ጫፍ ደረቅ ይተወዋል። ለአንድ ሌን የሚፈሰው ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው። ጥቂት የሻይ ማንኪያ። ድሮ ሌኑ እውነተኛ እንጨት እያለ ዘይቱ እንጨቱን ከኳሱ ለመከላከል ነበር። ዛሬ አብዛኛው ሌን ሰው ሠራሽ ነው፣ ዘይቱ ግን የጨዋታው ግማሽ ሆኖ ቀርቷል።

ኳሱ ዘይቱ ላይ እስካለ ይንሸራተታል። የፈለግከውን ያህል ብታሽከረክረው አይሰማህም። ደረቁ ላይ ሲደርስ ወለሉን ቆንጠጥ ያደርግና ይታጠፋል። ቀኝ እጅህ ከሆነ የምትወረውረው ወደ ግራ ነው የሚታጠፈው። ሁክ ይሉታል። ስትራይክ፣ አሥሩን ፒን ባንዴ መጣል፣ የሚመጣው ከዚህ መታጠፍ ነው፤ ቀጥ ብሎ ከሄደ ኳስ ይልቅ በጎን የገባው ፒኖቹን አብልጦ ያተረማምሳል።

ይሄ ሁሉ ሲነገረኝ አላመንኩም። ዘይት ከሆነ እንዴት አይታየኝም? መብራት ሲያርፍበት ከማብለጭለጭ በቀር ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሰዎቹ ወሬ ይዘው ሳለ፣ ማንም አያየኝም ብዬ መስመሩን አለፍኩ። በጣቴ ነክቼ ላረጋግጥ።

የቦውሊንግ ጫማ ሶሉ እንዲንሸራተት ተደርጎ ነው የሚሠራው። ይህንን ማንም አልነገረኝም። ግራ እግሬ ቀደመኝ፣ ቀኙ ተከተለው፣ በመቀመጫዬ ዘጭ አልኩ። መስመር ሲታለፍ የሚጮህ ነገር አለ፣ ቀይ መብራትም ይበራል። ጮኸ፣ በራ። ልነሣ እጄን መሬት ላይ ብጭነው እጄም ሄደ። እንደገና ወደቅኩ። የሚያነሣኝ ሰው እየጠበቅኩ ነው፣ ማንም አይመጣም። ለካ መጥተው ቢረግጡት እነሱም ይወድቃሉ። ጋሼ ከመስመሩ ማዶ ሆነው "እንዳትቆም! እየዳህክ ና!" አሉኝ።

ዳህኩ። ሁለት ልጆች አሳድጌ፣ ሦስት ቋንቋ ተናግሬ፣ ሠላሳ ሰው ፊት በአራት እግሬ ዳህኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት? ሌኑ ግን ስንጥቅ እንኳ የለውም፣ እንደ መስታወት ልስልስ ነው። ስደርስ አጨበጨቡልኝ። ከዚያ ሠራተኛው ጨርቅ ይዞ መጣና እኔ የረገጥኩትን ሁሉ ጠረገ። የኔ ጫማ ይዞት የወጣው ዘይት ሌላ ሰው እንዳይጥል ነው። ያ ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ከመውደቁ ይልቅ እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያሳክከኝ።

"ዘይቱን አገኘኸው?" አሉኝ ጋሼ።

"አግኝቼዋለሁ።"

"የት ነበር?"

ሱሪዬን አሳየኋቸው።

ያን ማታ ነው ማስተማር የጀመሩት። መጀመሪያ ያሳዩኝ ሌኑን አልነበረም፣ ኳሱን ነበር። ተወርውሮ ሲመለስ እንዳልጠርገው ከለከሉኝ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ኳሱን ወደ መብራቱ አዘነበሉልኝ። ዙሪያውን ቀጫጭን የዘይት መስመሮች አሉ፣ አንዱ ካንዱ ትንሽ ትንሽ ፈንጠር ያሉ። ኳሱ እየተንከባለለ ዘንጉን ስለሚቀይር እያንዳንዱ ዙር የራሱን መስመር ጥሎበት ይሄዳል። መስመሮቹ ወፍራምና አንጸባራቂ ከሆኑ ባለፈበት ገና ዘይት አለ። ከደበዘዙ ተበልቷል። ሌኑ ላይ የማይታየው ነገር ኳሱ ላይ ተጽፎ ይመጣል። አይተው ሲያበቁ ጠረጉት። ካልተጠረገ በሚቀጥለው ውርወራ የራሱ ዘይት ላይ ይንሸራተታል።

"ዘይቱን ማን ይበላዋል?" አልኩ። ኳሱ ራሱ ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የመጣው ሪአክቲቭ የሚሉት ኳስ ዘይት ይመጥጣል። ሁሉም ሰው በአንድ መስመር ሲወረውር ያ መስመር ይደርቃል። ኳሱ ካሰብከው ቀድሞ መታጠፍ ይጀምራል። ዘይት ብዙም የማይጠጣው ኳስ ደግሞ በተቃራኒው ዘይቱን እየገፋ ወደ ደረቁ ያደርሰዋል፣ ያኔ መታጠፉ ይዘገያል። እንግዲህ ሌኑ ማታ 1 ሰዓት ላይ የነበረው 3 ሰዓት ላይ የለም። በዚያ ላይ ሊግ ውስጥ ሁለት ሌን እየቀያየሩ ነው የሚጫወቱት፣ ግራኛውና ቀኝኛው ደግሞ አይመሳሰሉም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄኔ ነው።

አንድ ማታ፣ ሦስተኛው ጨዋታ ላይ፣ እስከዚያ ቆንጆ አድርጎ ሲገባልኝ የነበረው ኳስ የፊተኛዋን ፒን አፍንጫዋን ይላት ጀመር። በግራ ሁለት፣ በቀኝ ሁለት ፒን ይቆማል። ያንን አራት ፒን ባንዴ መጣል የማይታሰብ ነው። እጄ ነው ብዬ አሰብኩ። ሌሊት ሠርቼ ቀን ሳልተኛ መጥቻለሁ። ደክሞኛል፣ አርጅቻለሁ፣ ዘመድ የለኝም… ሐሳቡ እዚያ ድረስ ሄደ። ሰው አገር ላይ ፒን ሲቀር ሰው የሕይወት ታሪኩን ይከልሳል።

ጋሼ "እጅህ ምንም አልሆነም፣ መንገዱ ነው የተቀየረው። ሁለት ጣውላ ወደ ግራ ቁም" አሉኝ። ኳሱ ወደ ግራ እየበዛብኝ እኔም ወደ ግራ? ዕብደት መሰለኝ። ግን ዘይቱ ያለው መሀል ነው። ወደ ግራ ስትቆም ኳሱ ያልተበላው ዘይት ላይ ትንሽ ይቆይልህና ዘግይቶ ይታጠፋል። ቆምኩ። ቀስቶቹን አየሁ። ሌኑ ላይ 7 ቀስት አለ፣ በየ5 ጣውላው። ሁለተኛውን ነበር የማልመው፣ አሁን ከሱ ትንሽ ወደ ግራ ያለውን ጣውላ። ለቀቅኩት። ተንሸራተተ፣ ተንሸራተተ፣ አልታጠፍም ያለ መሰለ፣ መጨረሻ ላይ ዞር አለ። አሥሩም ወደቁ። ድምፁን አልረሳውም። በር ተገንጥሎ ሲወድቅ ዓይነት ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ሱሱ የያዘኝ። የዘይቱን ርዝመት ካወቅክ 31 ትቀንስለታለህ፤ 40 ጫማ ከሆነ 9 ይቀርሃል፣ ኳሱ መታጠፍ ያለበት ከቀኝ ቦይ 9ኛው ጣውላ አካባቢ ነው። መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። የባለሙያዎቹ ማኅበር የዘይት አቀባቦቹን በእንስሳ ስም ይጠራል፤ ከአጫጭሮቹ አንዱ አቦሸማኔ ነው፣ ከረጃጅሞቹ አንዱ ሻርክ። በአቦሸማኔው ቦዩን ታክከህ ትወረውራለህ፣ በሻርኩ ወደ መሀል ትገባለህ። ለባለቤቴ ይህን ሳስረዳት "ለቤት ኪራይ ይሆናል?" አለችኝ።

ወደዚህ ልትመጡ ለምታስቡ ግን አንድ ነገር ልበል። እኛ የምንጫወትበት የዘይት አቀባብ ሀውስ ሻት ይባላል። መሀሉ ዘይት ጠጥቷል፣ ዳሩ ደረቅ ነው። የመሀሉ ዘይት የዳሩን እስከ 10 እጥፍ ሊሆን ይችላል። ወደ ዳር ከወጣብህ ደረቁ ይመልስልሃል፣ ወደ መሀል ከገባብህ ዘይቱ ይይዝልሃል። ጎበዝ ያስመስልሃል። ስፖርት ሻት የሚሉት ሌላ ነው፤ ልዩነቱ 3 እጥፍ ገደማ ነው። የሳትከው እንደ ሳትከው ይቀራል። በሀውስ ሻት ሲፎክር የከረመ ሰው እዚያ ሲገባ ውጤቱ በአንዴ ያሽቆለቁላል። ሰውዬው ያው ነው፣ ኳሱም ያው ነው።

ሀገር ቤት እያለን ብንስት የሚመልሰን ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የሚያውቀን ሰው ነበረ። ያንን ጉብዝናችን አድርገን ይዘነው መጣን። እዚህ ወለሉ ያው ይመስላል፣ ያብለጨልጫል፣ ፎቶም ላይ ያምራል። ቀድሞ የመጣ ዘመዳችሁ ደግሞ እየዳኸ የወጣበትን ቀን ፎቶ አንሥቶ አይልክላችሁም። እኔም አልላክሁም። ስለዚህ ከእንግሊዝኛው ሁሉ በፊት "አላውቅም፣ አሳየኝ" የምትለዋን አጥኑ። ሲጠይቋቸው ደስ ይላቸዋል፤ ቁጭ አድርገው ሁለት ሰዓት ያስረዱሃል። እኔ ግን ለዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ሱሪ ከፍያለሁ።

ይህን እየጻፍኩ ለአክስቴ ልጅ አሳጥሬ በድምፅ ነገርኩት። እስኪያልቅ ሰማኝና "ታዲያ ዘይቱን ለምን አይጠርጉትም?" አለ። ይጠርጉታል አልኩት፣ በየቀኑ ነው የሚጠርጉት። "እና?" እና እንደገና ይቀቡታል። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

"ተወው" አለኝ ኋላ ላይ። "እናትህ ጋራዥ ከፈተ ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች። ምን ልበላት?"

ሥራው ጥሩ ነው በላት አልኩት።