ፌይልኦቨሩ አልቋል፣ አፕሊኬሽኑ ግን የሞተውን ሰርቨር እየጠበቀ ነው

ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ላይ ስታንድባዩን (ተጠባባቂውን ቅጂ) ፕራይመሪ (ጽሑፍ የሚቀበል ዋና ሰርቨር) ማድረግ፣ ማለትም ፌይልኦቨር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሰከንዶች አያልፍም። አገልግሎቱን ለሩብ ሰዓት አንቆ የሚይዘው ቀድሞ የተከፈተው ኮኔክሽን ነው።

የዳታቤዙ ፕሮሰስ ብቻ ከወደቀ ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ኮኔክሽኑን ዘግቶ ያሳውቃል፤ ኤረሩ ወዲያው ይደርሳል። ማሽኑ ኃይል ሲቋረጥበት ወይም ኔትወርኩ ሲበጠስ ግን የሚናገር የለም። ሊኑክስ ምላሽ ያጣበትን ፓኬት በነባሪ 15 ጊዜ ደጋግሞ ይልካል፤ ይህ 924 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። የባሰው ደግሞ ኩዌሪው ደርሶ ውጤቱ ሲጠበቅ ሰርቨሩ የሞተ እንደሆነ ነው። ክላየንቱ የሚልከው ስለሌለ ያለው ተስፋ ኪፕአላይቭ (ዝም ያለ ኮኔክሽን ሕያው መሆኑን የሚፈትሽ ፓኬት) ብቻ ነው፦ 7200 ሰከንድ ዝምታ፣ ከዚያ በየ75 ሰከንዱ 9 ሙከራ። ከሁለት ሰዓት በላይ!

ኮኔክሽን ስትሪንጉ ላይ የኪፕአላይቭ መጀመሪያውን 10 ሰከንድ፣ ልዩነቱን 5፣ ሙከራውን 3 አድርጉ፤ ሞቱ በ25 ሰከንድ ይታወቃል። የቲሲፒ ዩዘር ታይምአውትንም (ከስሪት 12 ጀምሮ አለ) 25000 ሚሊሰከንድ ስጡት፤ ላልተመለሰው ፓኬት መፍትሔው እሱ ነው። ኮኔክት ታይምአውት 3 ይበቃዋል፣ የሚቆጠረው ለየሆስቱ ነው። ጃቫ ላይ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ ጄዲቢሲው (የጃቫ የዳታቤዝ ማገናኛ) ሊብፒኪውን (እነዚህን ቅንብሮች የሚያነበውን የፖስትግሬስ ክላየንት ላይብረሪ) አይጠቀምም፣ የሶኬት ታይምአውቱም በነባሪ 0፣ ማለትም ገደብ የለሽ ነው።

ሁለቱንም ሆስት በኮማ ለይቶ መጻፍና «ሪድ-ራይት» (መጻፍም የሚፈቅድ) ሴሽን መጠየቅ ከስሪት 10 ጀምሮ ይቻላል። እኔ ዲኤንኤስ (የሰርቨሩን ስም ወደ አድራሻ የሚተረጉመውን) ከመቀየር ይህን እመርጣለሁ። የቆየ አድራሻ ካሽ ያደረገ ክላየንት አሁን ስታንድባይ ሆኖ ከተመለሰው ሰርቨር ጋር ይገናኛል፤ ፑሉ (ክፍት ኮኔክሽኖችን ይዞ ለአፕሊኬሽኑ የሚያድለው) «ሰሌክት 1» ብሎ ይፈትሻል፣ መልስ ያገኛል፣ ደህና ነው ይላል። መጀመሪያ የሚጽፈው ሰው ግን 25006 ኤረር (ለንባብ ብቻ በሆነ ትራንዛክሽን መጻፍ አይቻልም የሚል) ይቀበላል። ይህ ኮድ ሲመጣ ኮኔክሽኑን ወደ ፑሉ አትመልሱት፣ ጣሉት።

ኮሚት (ለውጡን የሚያጸናው ትዕዛዝ) ተልኮ መልሱ ሳይመጣ ከተቋረጠ መጻፉን ማወቅ አይቻልም። በጭፍን መድገም አንዱን ክፍያ ሁለት ያደርገዋል፤ እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ ዩኒክ ቁልፍ ይኑረውና ድጋሚው በዚያ ይታገድ። ሪፕሊኬሽኑ (ወደ ስታንድባዩ መቅዳቱ) ኤሲንክሮነስ ከሆነ፣ ማለትም ፕራይመሪው ስታንድባዩ እስኪቀበል ካልጠበቀ፣ ደግሞ የተረጋገጠ ኮሚትም ከአሮጌው ፕራይመሪ ጋር ሊቀር ይችላል። የድጋሚ ሙከራውን ክፍተት እየጨመራችሁ በዘፈቀደ በትኑት፤ ነባሪው የኮኔክሽን ጣሪያ 100 ስለሆነ ሁሉም በአንዴ ከመጣ አዲሱ ፕራይመሪ በር ላይ ይመልሳቸዋል።

ፈተናውን ፕሮሰስ በመግደል አታድርጉት፣ ያ ቀላሉ አወዳደቅ ነው። በፋየርዎል ፓኬቶቹን «ድሮፕ» አድርጉ፤ «ሪጀክት» ከሆነ መልስ ስለሚሰጥ ፈተናው ከንቱ ነው።